የአማቴ ናሙና በሚስቴ ፍሪዘር

አማች ሆኖ ያልለመነ ወንድ የለም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር... መጀመሪያ ልጃቸውን ትለምናላችሁ፤ ሽማግሌ ልካችሁ፣ ሽማግሌዎቹም «ግቡ» እስኪባሉ ደጅ ላይ ቆመው። ልጅቷን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ልመናው ይብሳል። አንዱ ጊደር ይጠይቃል፣ አንዱ ቡና የሚተክልበት ቁራሽ መሬት፣ አንዱ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ባሕር ዛፍ። ለሰርግ ብሎ የአማቱን ኮት ተውሶ እስከ ዛሬ የሚለብሰው የሥራ ባልደረባም አለኝ፤ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። እኔ ግን ሁላችሁንም እበልጣችኋለሁ። ከመቱ እስከ ሁሩሙ፣ ከዚያም ወዲያ ያላችሁ አማቾች በሙሉ ተሰብስባችሁ ብትመጡ አታሸንፉኝም። እኔ አማቴን የለመንኳቸው ዓይነ ምድራቸውን ነው።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ምሳ ላይ ያላችሁ ጋዜጣውን አጥፋችሁ አስቀምጡትና ስትጨርሱ እጃችሁን ታጥባችሁ ተመለሱ። እጠብቃችኋለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ለሊሴ ናት። ለሊሴ የባለቤቴ የአስቴር የእህት ልጅ ስትሆን እዚሁ መቱ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ከእኛ ጋር ትኖራለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የያዘችውም ሥራ ትልቅ ነው፤ ችግሩ «ምንድን ነው የምታጠናው?» ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ ሳል ይጀምረኛል። የምታጠናው በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን ነፍሳት ነው። በጅምላ ማይክሮባዮም ይባላሉ አለችኝ። እንደ እሷ አነጋገር በእያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ አንድ ሙሉ ጫካ አለ፤ ምግብ የሚፈጨው፣ በሽታ የሚከላከለው፣ አንዳንዴም ጸባያችንን የሚያበላሸው እሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለአስቴር ብነግራት «ያንተ ጫካ ጅብ አለበት» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ እኛ ከተሜዎቹ ይህን ጫካ በዳቦና በማካሮኒ፣ ባገኘነው ኪኒንም መንጥረን ጨርሰነዋል። የገጠር ሽማግሌዎች ግን፣ በጎደሬ፣ በበቆሎ ቂጣ፣ በእርጎና በጫካ ማር ያረጁት፣ ጫካቸው ገና አልተነካም። ለሊሴ የምትፈልገው የእነሱን ነው። ጫካው የሚታየው ደግሞ በሌላ በኩል ሳይሆን... አዎ፣ በዚያው በኩል ነው። ይህችን ነጥብ ለአስቴር አልነገርናትም። አስቴር ሎሚ በሳሙና የምታጥብ ሴት ናት፤ ልጅቷ ስለ ገጠር አመጋገብ የምታጠና መስሏት በሰላም ትኖር ነበር።

ለሊሴ ሁሩሙ ሄዳ የእናቷን አገር ሰዎች ብትጠይቅ ማንም እሺ አላላትም። አንዳንዶቹ ሳቁባት፣ አንዳንዶቹ «ልጅቷን ትምህርት አሳበዳት» ብለው አዘኑላት። ሁሉም ግን በመጨረሻ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ኦቦ ገመዳ ከሰጡ እንሰጣለን። ኦቦ ገመዳ ማለት የአስቴር አባት፣ የለሊሴ አያት፣ የእኔ አማት ናቸው። በዚያ መንደር እሳቸው ያልዘሩትን ማንም አይዘራም።

«ታዲያ ጠይቂያቸዋ፤ አያትሽ አይደሉም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሴት ልጅ አያቷን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትጠይቃለች?»

«አማችስ?»

«እርስዎ ወንድ ነዎት» አለችኝና ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «ሰኞ ዕለት ናሙና የሚወስድ መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል። ባዶውን ከተመለሰ ሌላ መኪና የለም። መመረቄ ይቀራል፣ የሠራሁት ሁሉ ይቀራል።»

እንባ አልችልም። ለዚህም ነው በዚህ ዕድሜዬ ሁሩሙ ሚኒባስ ውስጥ ራሴን ያገኘሁት።

ኦቦ ገመዳ ከዛፍ ያወረዱትን ቀፎ ሲጠግኑ ደረስኩ። እሳቸው ዘንድ ስቀመጥ በአክብሮት ፈንጠር ብዬ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ከአማቴ ጎን ተቀምጬ አላውቅም። ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ አስቴር ጤና ጠየቁ፣ ስለ ለሊሴ ጤና፣ ስለ መቱ ገበያ ጤና። ከዚያ ዝም አልኩ። አማች ዝም ሲል ደግሞ ሊለምን ነው።

«ሶዳ፣ መሬት ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ሶዳ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው።

«ኧረ አይደለም ኦቦ።»

«ጊደር?»

«አይ...»

«እንግዲህ ኮት ከሆነ አንድ ነው ያለኝ።»

አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ኢሉባቦር የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ኦሮምኛ የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው። የገበያ ኦሮምኛ ለቡና፣ ለቅቤና ለአህያ ይበቃል። እንዲህ ላለው ነገር ግን የጨዋ ቃል የለውም። በመንገዴ ሁሉ የጨዋ ቃል ስፈልግ መጥቼ አላገኘሁም ነበርና በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ባህያ ነጋዴው ቃል ተናገርኩት።

ዓይኔን ስከፍት ኦቦ ገመዳ ቀፎውን አስቀምጠዋል።

«ማሊፍ?» አሉ። ለምን ማለታቸው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

«ሆድዎ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት አሉ። ለሊሴ እነሱን ልታያቸው ፈልጋ ነው።»

«እንደ ንብ?»

«እንደ ንብ ናቸው፤ ግን እጅግ ያነሱ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ቁጥር የላቸውም።»

«አይናደፉም?»

«አይናደፉም። እንዲያውም ይሠሩልዎታል።»

ሽማግሌው ወደ ሆዳቸው አዩ፣ ወደ ቀፎው አዩ፣ እንደገና ወደ ሆዳቸው። ፊታቸው ላይ የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ የመጣው ኩራት ነው። «የኔ ቀፎ መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ግን የኔ ነገር ብቻዋን ከተማ አትሄድም። አንተም ትሰጣለህ። ከኔዋ ጎን ትቀመጣለች፣ አብረው ይሄዳሉ። ምንም ነገር ቢደረግባቸው በሁለታችንም ነው የሚደረገው።»

ለሊሴ ይህን ስትሰማ በደስታ ዘለለች፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ከተሜ አጥታ ነበር። እናንተ አንባቢዎቼ ግን ፍረዱኝ። ከአማቴ ጎን ተቀምጬ የማላውቅ ሰው፣ ዓይነ ምድሬ ቀድሞኝ ከጎናቸው ሊቀመጥ ነው።

ለሊሴ ዓርብ ማታ ስለ አያያዙ ትምህርት ሰጠችኝ። ነገሩ ከሰው ከወጣ ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል። ከነፍሳቱ ገሚሶቹ አየር ሲነካቸው ይሞታሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሙቀት ሲያገኙ ይራባሉ።

«ዘግይተው ካዩት የአያቴ ሆድ መሆኑ ይቀራል፤ ከርሞ የተበላሸ ወጥ ነው» አለችኝ። «ቅዝቃዜው ግን ሁሉንም ባሉበት ያቆማቸዋል። ወዲያው በረዶ፣ ከዚያ ፍሪዘር። በመሐል መሞቅ የለም።»

ስለዚህ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተን የአስቴር ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አደረግነው። ቅዳሜ ጠዋት ድንጋይ የሆኑትን ጠርሙሶች ትልቁ ሰማያዊ አይስ ቦክስ ውስጥ ደረደርን። የእኔን ናሙና የያዘችው ብልቃጥ አስቴር እንዳታያት በኮቴ የውስጥ ኪስ ገብታ፣ ልቤ አጠገብ ሆና፣ እስከ መናኸሪያው ከሄደች በኋላ በረዶዋ ላይ አረፈች።

ሁሩሙ ስንደርስ የኦቦ ገመዳ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ለሊሴ በዋዜማው ብልቃጦቹን በሰው ልካላቸው ነበር። የመንደሩ አዛውንት በሙሉ ብልቃጣቸውን በቅጠል ጠቅልለው፣ ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ ልክ እንደ ምርጫ ቀን ተሰልፈዋል። ከሩቅ ለሚያየን ቁም ነገር የምንሠራ እንመስል ነበር፤ እንሠራም ነበር። ለሊሴ እየተቀበለች ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ ፌስታሉን አሰረች፣ በረዶዎቹ መሐል አስቀመጠች። የኦቦ ገመዳና የእኔ፣ በውላችን መሠረት፣ ጎን ለጎን ሆኑ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አረጋገጡ።

አሁን እንሂድ ስንል ምሳ ቀረበ።

አማት ቤት ምሳ ቀርቦ «መኪና ያመልጠኛል» ብሎ የወጣ አማች አለ ቢሉኝ አላምንም። ገባን። እዚህ ላይ ስለ አማቴ ሚስት... ማለቴ ስለ ሴቷ አማቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በእኛ በኩል አማች የሴት አማቱን ስም አይጠራም። እሳቸውም አማቻቸው ሲበላ አያዩም። እኔ እዚያ ቤት ገበታ ከቀረብኩ እሳቸው ውጭ ናቸው፤ ብዙ ዘመን እንዲህ ተከባብረን ኖረናል። ያን ዕለትም እኔ ውስጥ ጨጨብሳዬን በቅቤና በማር እያጣጣምኩ፣ እሳቸው በክብር ውጭ ነበሩ። ውጭ ደግሞ ያለው ማን ነው? አይስ ቦክሱ ነው።

ስንወጣ አይስ ቦክሱ ተዘግቶ በነጠላ ጨርቅ ታስሮ ጠበቀን። ሳነሳው ወገቤ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ስንመጣ ከነበረው አልከበደም?» አለች ለሊሴ።

«የሰው ብልቃጥ ገባበታ፤ ሳይንስ ከባድ ነው» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ ሣጥኑን እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ትንሽ እንደሄድን አጠገቤ የተቀመጡ እናት አፍንጫቸውን አነሱ። «የምን ማር ነው የያዛችሁት? ሽታው እንዴት ደስ ይላል» አሉ። እኔም አሸተትኩ። እውነትም ማር ማር ይሸታል። እናንተዬ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን አድናቆት ልነግራችሁ አልችልም። የለሊሴን ምርምር ያመንኩት ያኔ ነው። የጫካ ማር ሲበላ የኖረ ሰው ለካ ነገሩ እንኳ ማር ማር ይሸታል አልኩ በልቤ። ስለ ራሴም ብልቃጥ ሳስብ አብራ በመቀመጧ ሽታው ይጋባባት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ለእናትየው ግን «ማር አይደለም» ብዬ ብመልስላቸው የሰሰትኩ መሰላቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩብኝ።

መቱ ወርደን ባጃጅ ይዘን ወደ ለሊሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሄድን። ለሊሴ ነጠላ ጨርቁን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከላይ ጥቁሩ ፌስታል እንደታሰረ አለ፤ ማንም አልፈታውም። ከሥሩ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ። ከቅቤው አጠገብ በጭድ ውስጥ የተቀመጠ እንቁላል። ከሁሉም ሥር፣ የሣጥኑን ግማሽ ይዞ የተቀመጠ፣ አንድ ትልቅ የማር ማሰሮ። በረዶ የለም። አንድም ጠርሙስ የለም።

ነገሩ ገባኝ። ሴቷ አማቴ ክዳኑን ከፍተው ቢያዩ ምን አዩ? ልጃቸው ያገባችው ሰውና የልጅ ልጃቸው ከመቱ ድረስ ውሃ ተሸክመው መጥተዋል፤ ሊመለሱም ያሰቡት ያንኑ ውሃ ተሸክመው ነው። እንዲህ ያለ ውርደት ከእሳቸው ደጅ አይወጣም። ውሃውን አውጥተው አስቀመጡና በምትኩ ለሰው የሚሰጥ ነገር ሞሉ። ታዲያ ማን ይቆጣቸዋል?

ለሊሴ ሣጥኑ ውስጥ የነበረችውን ቴርሞሜትር አወጣችና ደጋግማ አየቻት።

«ሣጥኑ ቅዝቃዜውን ትንሽ ይዟል» አለች። «ገና አልሞቀም። ግን አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ፍሪዘር ካልገባ አበቃ።»

ወደ ቤተ ሙከራው ፍሪዘር ሮጠን ስንደርስ መብራት የለም። የሌሊቱ ዝናብ ዛፍ ጥሎ ሽቦ በጥሶ ያ ሰፈር በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ጨለማ ነው። ለሊሴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ደፍሮ የሚናገረው ጠፋ እንጂ። የእኛ ቤት በሆስፒታሉ መስመር ላይ ነው። በእኛ ቤት መብራት ብዙም አይጠፋም። በእኛ ቤት ፍሪዘር አለ። ፍሪዘሩ ደግሞ የአስቴር ነው።

«ጋሼ፣ እሜቴ አስቴር...»

«ባጃጅ ጥሪ» አልኳት።

አስቴር በሩን ስትከፍት አይስ ቦክሱን ታቅፌ ቆሜያለሁ። «ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ከአባትሽ ነው» አልኩ። ይህን እንደ ውሸት አትቁጠሩብኝ። እስከ ዛሬ በትዳሬ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚህ እውነት የሆነ የለም።

አስቴር አባቷን ትወዳለች። ሣጥኑን ከእጄ ተቀበለች፣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ክዳኑን ሳመችው። አንዴ አይደለም። ለሊሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የአጥሩን ቆርቆሮ ማየት ጀመርኩ።

ማሩ ወጣ፣ ቅቤው ወጣ፣ እንቁላሉ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ምርቃት ተደረገለት። ቀጥሎ ጥቁሩ ፌስታል ተነሳ።

«ይሄስ?»

«መድኃኒት» አልኩ እኔ። «ናሙና» አለች ለሊሴ። እኩል ነው የተናገርነው።

«የመድኃኒት ናሙና ነው» አልኩ። «ቶሎ ፍሪዘር ካልገባ ይበላሻል። ለለሊሴ ትምህርት ነው፤ ሰኞ መኪና ይወስደዋል።»

«አባቴ ነው የሰጠው?»

«አባትሽም ሰጥተዋል።»

«ታሟል እንዴ?»

«ኧረ እንደ እሳቸው ያለ ጤነኛ የለም። ጤናቸው ሞልቶ የተረፈ ነው።»

አስቴር ረካች። ፍሪዘሯን ከፈተች፣ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ሥጋ ወደ ጥግ ገፋች፣ የአባቷ ነገር እንዳይጨፈለቅ ብላ ከላይ በክብር አስቀመጠችው። ለሊሴ ክዳኑ ሲዘጋ አይታ እፎይ አለች። እኔ ግን እፎይ አላልኩም። ከሚስቴ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ከንፈሯን ባየሁ ቁጥር ፊቴን እያዞርኩ ያን ዕለት አመሸሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ሳንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ገመዳ ናቸው። ዘንጋቸውን ይዘዋል፣ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ በትከሻቸው ማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥለዋል። አስቴር እየሳመች አስገባቻቸው። ሽማግሌው ሳይቀመጡ ከረጢቱን ከፈቱና ጠርሙሶቻችንን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የእኛው ጠርሙሶች ናቸው። ውስጣቸው ግን ነጭ ነው።

«ዕቃችሁን ቤቴ ረስታችሁ ሄዳችሁ» አሉ። ድምፃቸው የጥፋተኛ ሰው ድምፅ ነው። «ያ ድንጋይ የነበረው ውሃ በእጃችን ቀለጠ። ልንመልሰው ሞከርን፤ እንደገና ድንጋይ አይሆንም። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። እርጎ ሞላንበት፤ ይቅር በሉን።»

የእኛ በረዶ ስለቀለጠ እርጎ ይዘው ከሁሩሙ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቁን መጥተዋል። ለሊሴ ልታለቅስም ልትስቅም ነበር። እኔም ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ጠየቁኝ።

«የኔስ? በደህና አደረች?»

«በደህና አደረች ኦቦ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ካንተዋ ጎን ናት?»

«ከጎኗ ናት።»

«አሳየኝ።»

አስቴር አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን አየች። «አባዬ፣ ምንህ ናት?»

«አልነገሩሽም እንዴ?» አሉ ኦቦ ገመዳ ተገርመው፤ ቀጥለውም ነገሯት። ለነገሩ እሳቸውም የተናገሩት ባህያ ነጋዴው ቃል ነው፤ እኔው ነኝ ያስለመድኳቸው።

አስቴር አልጮኸችም። ቢጮኹባችሁ ይሻላል። ፍሪዘሩን አየችው። ሥጋዋን አሰበች፤ ስታስበው አየሁ። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ከንፈሯ ሄደና እዚያው ቀረ።

«የማን የማን ነው?» አለችኝ።

«የአባትሽ... የመንደሩ ሽማግሌዎች... እና...»

«እና?»

«እና የኔ።»

ተነሳች። ፍሪዘሩን ከፍታ ጥቁሩን ፌስታል በሁለት ጣት አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ጉድጓዱ መሄድ ጀመረች። ለሊሴ ቀድማት በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘርግታለች፣ እንባዋ እየወረደ ነው። «እሜቴ፣ የሁለት ዓመት ሥራዬ ነው። ከጣሉት ሌላ የለኝም። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አይሰጡኝም፤ ደግሞ እንዴት ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?» አለቻት። አስቴር እህቷን ትወዳለች፣ የእህቷን ልጅም ትወዳለች፤ ግን በዚያች ሰዓት ከሁሉም የበለጠ የምትወደው ፍሪዘሯን ነበር። ቆመች እንጂ አልተመለሰችም። የለሊሴ ምርምር በሚስቴ ሁለት ጣቶች መሐል ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ውጭ ፀሐይ ነው።

«አስቴር» አሉ ኦቦ ገመዳ ከተቀመጡበት። «አገሩ ሁሉ የሰጠው እኔ ስለሰጠሁ ነው። ነገ ምን አደረጋችሁት ሲሉኝ ልጄ ጣለችው ልበላቸው?»

አስቴር አባቷን አየች። ከዚያ ተመለሰችና ፌስታሉን ወደ ነበረበት ወረወረችው። «ያባቴ ይደር፤ የሽማግሌዎቹም ይደር» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ያንተን አውጣ።»

«እሜቴ፣ ከተማውን የሚወክለው ጋሼ ብቻ ነው» አለች ለሊሴ። አስቴር ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ። መቱ እንዲህ ያለ ወኪል ስለደረሰባት ያዘነች መሰለኝ።

ሰኞ መኪናው መጣ፣ ናሙናው እንደ ድንጋይ ደርቆ ሄደ። አስቴር ፍሪዘሩን በበረኪና፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በሎሚ አጠበችው። ሥጋውን መጣል ግን ነውር ነው አለች፤ «ጎረቤትህ ነበር» እያለች ለእኔ ብቻ አበሰለችልኝ። እስኪያልቅ በላሁ።

ውጤቱ የመጣው ቡና ከተለቀመ በኋላ ነው። ለሊሴ ተመርቃ ሁላችንም ሁሩሙ ተሰባሰብን። አማቴ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሴቷ አማቴ፣ እኔ ልበላ ስለሆነ፣ ከግድግዳው ማዶ ናቸው። ለሊሴም ተነስታ ለሽማግሌዎቹ ያገኘችውን ነገረቻቸው።

«አባባ፣ እንደ እርስዎ ሆድ ያለ ሀብታም አይተን አናውቅም» አለች። «ከተማ ውስጥ ከጠፉ ስንት ዘመናቸው የሆኑ ዓይነቶች እርስዎ ዘንድ በሙሉ አሉ።»

ኦቦ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። «የሶዳስ?» አሉ።

ለሊሴ እኔን አየችኝ። «የጋሼ... ትንሽ ደኸየት ያለ ነው።»

ሽማግሌው ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

«ድሃ መሆኑን ልጄን ሊጠይቅ ሽማግሌ የላከ ቀን አውቄያለሁ» አሉ። «እስከ አንጀቱ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።»

ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ሰማሁ። በትዳር ዘመኔ የሴቷ አማቴን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦቦ ገመዳ ግን አልሳቁም፤ ሰውን ሊረዳ የሚያስብ ሰው አይስቅም። በዚያ አገር ላም የሌለው ዘመድ ካለ፣ ያለው ሰው ወተቷን እየጠጣ እንዲያቆያት አንዲት ላም ይሰጠዋል። ደበሬ ይሉታል። «ለሊሴ» አሉ ሽማግሌው፣ «ከኔ ተቀንሶ ለዚህ ሰው ደበሬ አይሰጠውም?»

ለሊሴ «አይሆንም» ብትል ምን ነበረበት? ግን የተማረች ልጅ ናት፣ መዋሸት አትችልም። «ይቻላል አባባ» አለች። «በሰለጠኑት አገሮች ሐኪሞች ከጤነኛ ሰው ሆድ ወስደው ለታመመ ይሰጣሉ።»

የሁሩሙ ሽማግሌዎች በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ መዋጮ ሊያዋጡ የተዘጋጁ ሰዎች ደግነት አለ። እኔም እንደ ወጉ ተነሳሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ፣ ለዚህ ጊዜ የሚሆን የጨዋ ኦሮምኛ ስላለኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። «ገለቶማ፣ ኦቦ፤ አመሰግናለሁ። እኔ ከእርስዎ ልጅዎን ወስጃለሁ፤ እሷ ትበቃኛለች» አልኩ።

አስቴር እርጎ ልትቀዳልኝ ብርጭቆ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ትግደረደራለህ፣ ውሰድ እንጂ» አለችኝ። «እኔ ክዳኑን ስሜ ተቀብዬ የለም እንዴ?»